በባል ቃል የተፈረመ መኪና

ሐጂ አብዱሰላም ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ባለው ግቢያቸው ዘጠኝ የጭነት መኪና ያሳድራሉ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ከዘጠኙ አንዱም ዙልፋ ሳታየው ከበሩ አይወጣም። ደንቡ የመጣው አንደኛው መኪና ከጣርማ በር ሲወርድ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል አፋፍ ላይ በድንጋይ ተይዞ ከቀረ በኋላ ነው። ሹፌሩ የፍሬኑን መድከም ከሳምንት በፊት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ለምን እንዳልተናገረ ሲጠየቅ «ማን ጠየቀኝ?» አለ። ሐጂ በማግስቱ ወፍራም መዝገብ ገዙ። በአውቶ መካኒክ የተመረቀችውን ዙልፋን ቀጥረው ሹፌሮቹን ሰበሰቡና፣ «ከዛሬ ጀምሮ የምትጠይቃችሁ እሷ ናት» አሉ።

ከሹፌሮቹ አንዱ ባሏ ሳሊም ነበር።

ዙልፋ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ የሥራ ካፖርቷን ደርባ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ትመጣለች። መጀመሪያ በትንሽ መዶሻ የየጎማውን ቡሎን አንድ በአንድ ትመታለች። የጠበቀ ቡሎን ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላ ግን የታፈነ ድምፅ ነው ያለው። ከዚያ ባትሪዋን ይዛ መኪናው ሥር ትገባና ባሌስትራውን፣ የፍሬን ሸራውን፣ የነፋስ ቱቦውን ታያለች። ፍሬኑ እንዲታይ ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ አለበት። እሷ ከሥር ሆና «ርገጥ» ትላለች፤ እሱ ይረግጣል። «ያዝ» ትላለች፤ ይይዛል። «ልቀቅ።» ሲያበቃ መዝገቡ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ «ደህና» ወይም «ይጠገን» ብላ ትፈርማለች። ቀይ እስክሪብቶ ካነሳች የምትጽፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አይውጣ።»

ሳሊምን ያሳመመው ይህ ርገጥና ልቀቅ ነበር። ሚስቱ በሌላ ወንድ መኪና ሥር ሆና ታዛለች፤ ያ ወንድ ከላይ ይታዘዛል። ሰውየው ሽማግሌ ሲሆን ግድ አልነበረውም። ኡበይድ ሲሆን ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋው ነበር።

ኡበይድ አጣዬ ላይ ቤቱ ከተቃጠለበት ጊዜ ጀምሮ ሮቢት የሚኖር፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሹፌር ነው። የሚነዳው ከዘጠኙ መኪኖች አሮጌዋን ነው፤ «አሮጊቷ» ይላታል። ሌሎቹ ሹፌሮች የመኪናቸውን ጉድለት መናገር የራሳቸውን ነውር መናገር ይመስላቸዋል። ኡበይድ አያፍርም። ዙልፋን ከሩቅ ሲያያት «ነይልኝ እስቲ፣ አሮጊቷ ዛሬ ወገቧን ብላለች» ይላል። እሷም መኪናው ሥር ሆና ትስቃለች። ሳቋ ከብረቱ መሃል ሲወጣ ግቢው ሁሉ ይሰማዋል።

ሳሊም በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን ገብቶ መዝገቡን ያነብ ጀመር። የኡበይድ ገጾች ከዳር እስከ ዳር በዙልፋ እጅ ጽሑፍ የተሞሉ ናቸው። «የፊት ቀኝ ፍሬን ሸራ ሳስቷል። እስኪቀየር ድረስ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረድ።» «ሹፌሩ መሪው ወደ ግራ ይስባል ብሏል። እውነቱን ነው።» ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ጊዜ አነበባት። እውነቱን ነው። ለእሱ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ በቃልም በጽሑፍም። የእሱን ገጽ ገለጠ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ብቻ ተደርድሮበታል። ደህና። ደህና። ደህና።

ይህን ያደረገው ራሱ መሆኑን ያውቃል። ዙልፋ በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት የእሱ መኪና ሥር ስትገባ ሹፌሮቹ ከበው ሳቁበት። «ሳሊም፣ ሚስትህ ጠፋች ብለህ እንዳትጨነቅ፤ እግሯ ይታየናል» አለው አንዱ። ማታ ቤት ሲገባ፣ «የእኔን መኪና ለእኔ ተይው። አንቺ ጠይቂኝና ጻፊ» አላት።

«ደንቡ እንዲህ አይልም» አለችው።

«ባልሽን ካላመንሽ ማንን ልታምኚ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ከጋቢናው በር ሥር ቆማ «ምን አለ?» ትለዋለች፣ «ደህና ነው» ይላታል፣ ትፈርማለች። መኪናው በእርግጥም ደህና ነበር። ሳሊም ከሁሉም ቀድሞ ግቢ ይገባና ቡሎኑንም ነፋሱንም ራሱ ያያል። ምናልባት ኩራቱ ከዚያ በላይ ምንም ባይጠይቀው ኖሮ ነገሩ በዚያው ይቀጥል ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የሳሊም መኪና ለአዲስ አበባ ሽንኩርት ጭኖ ቆሟል። መነሻው ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። ሳሊም አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ ገባ። እንደ ልማዱ ዞሮ አየ። ሁሉ ጠብቋል። ከዚያ የጎማ መፍቻውን አወጣና በኋላ ግራ ጎማ ላይ፣ እርስ በርስ ከተጎራበቱት ቡሎኖች አራቱን በጣት እስኪዞሩ ድረስ አላላቸው።

ክፉ አላሰበም። ያሰበው ይህን ነው፤ ዙልፋ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ መዶሻዋን ይዛ ብትዞር ትሰማዋለች። ቀና ብላ ታየዋለች። «ሳሊም፣ ይሄን ሳታየው?» ትለዋለች። እሱም «አላየሁም። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ይላታል። ይህን መልስ ሌሊቱን ሲያጠናው ነበር ያደረው። ካልዞረች ደግሞ ራሱ መልሶ ያጠብቀዋል፤ ማንም አያውቅም።

ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። መዶሻው ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነው።

«ምን አለ?»

«ምን ይኖራል ብለሽ ነው?» አለ ሳሊም ከጋቢናው ሆኖ።

«የምታውቀው አንተ ነህ።»

ዙሪ በላት አለው ልቡ። አፉ ግን ለወራት የለመደውን አለ። «ደህና ነው።»

ጻፈች። «ሽንኩርቱ አልከበደውም?»

«የለመደው ነው።»

መዝገቡን ዘግታ ሄደች። ሄዳ አሮጊቷ ዘንድ ቆመች። ኡበይድ ቀድሞ ወርዶ ጠብቋታል። «ዛሬስ ምኗን ነው?» አለችው። «ትንፋሿን» አለ ኡበይድ፤ «ሌሊቱን ስታፏጭ ነው ያደረችው።» ዙልፋ ሳቀች፤ ጎንበስ ብላ ገባች። ርገጥ። ያዝ። እንደገና ርገጥ። ሳሊም በመስታወቱ ያያል። የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ከዚያ ወጣችና ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች። የፍሬኑ የነፋስ ቱቦ ተሰንጥቋል። ኡበይድ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ «አላህ ይስጥሽ፤ ዛሬ አርፌ ዋልኩ» አላት።

ሳሊም ከዚህ በላይ ሊያይ አልቻለም። ከጋቢናው ወርዶ በሩን አላተመና ወጣ። መፍቻው መቀመጫው ሥር ነበር፤ ቡሎኖቹም ትዝ ብለውታል። ከዙህር በፊት እመለሳለሁ አለ ለራሱ። መኪናው የእሱ ነው፤ ማን ይነካዋል?

አስፋልቱን ተሻግሮ ሙሀባ ሻይ ቤት ገባ። ዙልፋ ደውላ «የት ሄድክ?» እንዳትለው ስልኩን አጠፋው። ወዲያው ደግሞ ትደውልልኝ ይሆን እያለ ይሠቃይ ጀመር፤ ግን አልከፈተውም።

«ፊትህን በርበሬ ያስነካህ ማነው?» አለችው ሙሀባ።

«ሻዩን አምጪ።»

«ሚስት ያለው ሰው ነው ደግሞ እንዲህ የሚሆነው። የኔዎቹ ላጤዎች እየሳቁ ነው የሚጠጡ።»

ሦስት ሻይ ጠጣ። አዛን ሲል ተነሣ፤ ሶላቱን ሰግዶ ግቢው ሲደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። መኪናው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። መሬቱ ላይ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ቀርቷል።

«ኢብሮ፣ መኪናዬስ?» አለ ዘበኛውን።

«አንተ ደግሞ የት ጠፋህ? ሐጂ አሥር ጊዜ አስደወሉብህ። ነጋዴው አሁኑኑ ይነሣ ብሎ ከአዲስ አበባ ጮኸ። ኡበይድ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ የለ? የአንተ መኪና ደህና ተብሎ ተፈርሞበታል፤ በትርፉ ቁልፍ አስነስቶ ሄደ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ስድስት ከሩብ።»

ሳሊም ስልኩን ከፍቶ ደወለ። ስልኩ ይጠራል፤ አይነሣም። ዳገት ላይ ስልክ የሚያነሣ ሹፌር ከሐጂ ዘንድ አይሠራም፤ ኡበይድ ደግሞ ደንብ አክባሪ ነው። ሳሊም ያን ዳገት እንደ መዳፉ ያውቀዋል። የተጫነ መኪና በዚያ መንገድ ላይ አራት ቡሎን ላልቶበት ሲታጠፍ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ እነሱም አንድ በአንድ ይፈታሉ። ጎማው ወልቆ ገደል ሊገባ ይችላል። ወይም መኪናው ራሱ።

ቢሮ ገባ። ዙልፋ መዝገቡ ላይ አቀርቅራለች።

«ኡበይድን አስቁሚው።»

«ለምን?»

«ቡሎን ላልቷል። የኋላ ግራ። አራት።»

ቀና ብላ አየችው። በዚያች ዕለት ፊት ለፊት ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። «እንዴት አወቅህ?»

ሳሊም ዓይኑን ወደ መዝገቡ መለሰ።

«ሦስት ሰዓት ላይ ደህና ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

መልሱን አልጠበቀችም። ስልኳን አንስታ ዳገቱ ላይ ባለችው አርማኒያ ከመንገድ ዳር ጎማ የሚጠግነው ሷሊሕ ዘንድ ደወለች። «ሷሊሕ፣ የእኛን መኪና አስቁምልኝ፤ ሽንኩርት የጫነውን።» አዳመጠች። እጇ መዝገቡ ላይ ቀረ። «አልፏል» አለች ለሳሊም ሳታየው። «አሁን ነው ያለፈው። ይንገጫገጭ ነበር አለ።»

ሳሊም ሮጦ ወጣ። ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ሚኒባስ አስቁሞ ገባ። ተሳፋሪው ስለ ማሾ ዋጋ ይከራከራል፤ ረዳቱ ጠጋ በሉ ይላል። ሳሊም በመስኮቱ ገደል ገደሉን ያያል። ያ አላህ፣ እያለ ይለምናል፤ ልመናው ግን ንጹሕ አልነበረም። ኡበይድ እንዳይሞት ይለምንና፣ ከሞተ ዙልፋ ዕድሜ ልኳን ታለቅስለታለች የሚለው ሐሳብ አብሮ ይመጣበታል። ይህን በማሰቡ ራሱን ጠላው። ሐሳቡ ግን አልሄደለትም።

ከአርማኒያ በላይ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አስፋልቱ ላይ የተቆረጠ ቅጠል ተጥሏል፤ ከፊት ለፊት መኪና ተበላሽቷል ማለት ነው። ሳሊም «ወራጅ!» አለ።

መኪናው በውስጥ በኩል ያለውን የተራራ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል። ከጎማዎቹ ኋላ ትላልቅ ድንጋይ ተደግፏል። ኡበይድ እጁን ዘይት በዘይት አድርጎ ከኋላ ጎማ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ሳሊምን ሲያይ አልተገረመም፤ ዙልፋ በመጨረሻ በስልክ አግኝታው ኖሯል።

«እንደ ሰካራም ትንገዳገድ ጀመር» አለ። «አራት ቡሎን የለም። ሁለቱ ሊወጡ ሲሉ ደረስኩ። አንድ መታጠፊያ ብጨምር ኢናሊላሂ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሳሊም።

«ሷሊሕ ቡሎን ይዞ እየመጣ ነው።» ኡበይድ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። መንገድ ያላላው ቡሎን ከሥሩ ዝገት ያፈሳል፤ የጎማው ልብ ላይ ቀይ መሥመር ይሠራል። ይሄ ንጹሕ ነው። አራቱም ጎን ለጎን ናቸው። መንገድ እንዲህ አይመርጥም።»

ሳሊም ገደሉን አየ። ከታች ሜዳው በሙቀት ጭስ መስሏል፤ ሮቢት አትለይም።

«እኔ ነኝ» አለ።

ኡበይድ ጨርቁን ድንጋዩ ላይ ጣለው። «እኔን ልትገድል?»

«አንተ እንደምትነዳው በምን አውቄ? እሷ እንድታየው ነው። አንድ ቀን እንኳ ዞራ እንድታይልኝ።»

«ዙልፋ?»

«የአንተን ግማሽ ሰዓት ታያለች።»

ኡበይድ ሊስቅ ጀመረና ተወው። «መኪናዬ አሮጊት ስለሆነች እኮ ነው።» ከዚያ የሳሊምን ፊት አየ። «እህቴ ናት ብዬ ልማልልህ? አልምልም። አንተ ለጠረጠርከው እኔ ምን ቤት ነኝና እምላለሁ?»

«አልጠየቅኩህም።»

«ስማኝ። መዝገቡ ላይ የፈረመችው እሷ ናት። ይሄ ከተጻፈ ሐጂ የሚያባርሩት አንተን አይደለም፤ እሷን ነው። መንገድ ነው ያላላው ብዬ እናገራለሁ። እንዲያውም ሲነሣ ራሴ በመዶሻ አይቼዋለሁ፣ ጠብቆ ነበር እላለሁ። እሷን አያስነካም።»

ለሳሊም ይህ ከሁሉ የከፋ ሆነበት። ሰውየው ከሞት ከተረፈ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም፤ የሚያስበው ግን ለዙልፋ ነው። ሊዋሽላት ነው። እሷም አንድ ቀን ታውቀዋለች፤ ኡበይድ ነው እንጀራዬን ያተረፈልኝ ትላለች፤ ይህም በሁለቱ መካከል ይኖራል፤ እሱ ደግሞ ሁለቱ ያዘኑለት ሰው ሆኖ ዳር ይቆማል።

«ምንም እንዳትል» አለ። «እኔው እናገራለሁ።»

«እንደ ልብህ» አለ ኡበይድ፤ ድምፁ ውስጥ እንደ አክብሮት ያለ ነገር ነበር። ሳሊም አልተቀበለውም፤ የማይገባው መሆኑን ያውቅ ነበር።

ሷሊሕ ደርሶ ቡሎኖቹ ከተተኩ በኋላ ኡበይድ ጋቢና ገባ። ሳሊም ራሱ እነዳለሁ ሊል አስቦ አፍሮ ተወው። መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው ቅጠሎቹን ከአስፋልቱ አንስቶ ወደ ዳር ጣላቸውና ወደ ታች የሚሄድ መኪና ጠበቀ።

አሥር ሰዓት ላይ ሳሊም በሐጂ አብዱሰላም ቢሮ ውስጥ ቆሞ ነገሩን ሁሉ ተናገረ። ዙልፋ በሩ አጠገብ ቆማለች። የኡበይድንም ስም ሳይዘል ጠራ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ቀንተህ ነው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ቅናት ያለበት ሰው ሚስቱን ይጠብቃል፣ ቢብስበት ይጣላል። ቡሎን ይፈታል ሲባል ዛሬ መስማቴ ነው።» ወደ ዙልፋ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺስ? መዶሻሽ የት ነበር?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«እኔ ነኝ አትዪ ያልኳት፣ ሐጂ» አለ ሳሊም። «እሷ ጥፋት የለባትም።»

«አለብኝ» አለች ዙልፋ። «የእሱን መኪና ያየሁት በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በባሌ ቃል ነው ስፈርም የኖርኩት። የኡበይድ ቢሆን በቃሉ አልፈርምም ነበር።»

ሐጂ የሳሊምን ቁልፍ ተቀበሉ። ዙልፋን ደግሞ ሌላ መርማሪ እስኪያገኙ ድረስ ከሳሊም መኪና በቀር ስምንቱን እንድታይ፣ ከዚያ በኋላ መጋዘን እንድትገባ ነገሯት። «ሚስት የባሏን መኪና እንዳትፈርም እኔ ቀድሜ መከልከል ነበረብኝ» አሉ፤ «ይሄኛው ጥፋት የእኔ ነው።»

ባልና ሚስት በአስፋልቱ ዳር ወደ ቤታቸው ሄዱ። ባጃጆች እየተሽቀዳደሙ ያልፋሉ፤ ሁለቱም አላስቆሙም። ሳሊም እንድትጮኽበት ይጠብቅ ነበር። ድልድዩ ዘንድ ሲደርሱ ነው የተናገረችው።

«ያንን ሰውዬ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም» አለች። «ከመኪናው ሥር ስወጣ እረሳዋለሁ። መልኩን እንኳ ንገሪኝ ብትለኝ ልቸገር እችላለሁ። አሁን ግን በወጣ ቁጥር ላስበው ነው። ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። አንተ ነህ ያስገባህብኝ።»

ሳሊም የድልድዩን ብረት ያዘ።

«ደብረ ብርሃን መድረስ አለበት አሁን» አለች ዙልፋ። «ልደውል አልችልም። በምን አፌ? አንተ ደውል።»

ስልኩን አወጣ። ኡበይድ በሦስተኛው ጥሪ አነሣው። ሻይ እየጠጣ ነው፤ ቡሎኖቹን ሁለት ጊዜ አይቷቸዋል፤ ጠብቀዋል፤ ብርዱ ግን የሮቢትን ሰው ይገድላል አለ። ሳሊም አመስግኖ ዘጋ።

«ደርሷል። ደህና ነው» አላት።

ዙልፋ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከቀትር ጀምሮ ተቋጥሮ የነበረው ፊቷ ተፈታ፤ ግንባሯ፣ ከንፈሯ፣ ሁሉም ለሰለሰ። «አልሐምዱሊላህ» አለች በቀስታ፣ ለራሷ። ሳሊም ቆሞ አያት። ይህን እፎይታ ያመጣው ራሱ መሆኑን እያወቀ፣ እሱ ከዚያ ዳገት በደህና ሲመለስ ስንት ጊዜ እንዲህ ተንፍሳለት እንደምታውቅ ለማስታወስ ሞከረ።